ለግብር የየት አገር ነዋሪ ነዎት? ከሰሜን ሸዋ ሆነው ከውጭ አገር ገቢ ለሚያገኙ

«ነዋሪ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የደብረ ብርሃን ቀበሌ የሚሰጥዎ መታወቂያ ነዋሪ ነዎት ይላል። የሳውዲው ኢቃማም የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው የሚይዘው የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድም አገር ቤት ለመኖር ያስችላል። ለግብር ሲሆን ግን ሦስቱም ብቻቸውን አይወስኑም። የግብር ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ኑሮዎ የተተከለው የት ነው? በዓመት ስንት ቀን እዚህ ነበሩ?

ሸዋ ሮቢት ቤተሰቡን ትቶ ሪያድ የሚሠራ ሾፌር፣ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ለአሜሪካ ድርጅት ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት፣ መሐል ሜዳ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ የለንደን ሰው፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ልጆቿን ለመጠየቅ አሜሪካ የምትሄድ የደብረ ሲና እናት አሉ እንበል። የአራቱም መልስ ይለያያል። ከታች ያለውን አሠራር በቅደም ተከተል ከሄዱበት የእርስዎም የቱ ጋ እንደሚወድቅ ይታያል።

መጀመሪያ የሚሰበሰብ ወረቀት

ፓስፖርቱን ከነአሮጌው ያውጡ። ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው የጣሉት ፓስፖርት የሦስት ዓመት ማኅተም ይዞ ሊሆን ይችላል። የአውሮፕላን ትኬትና የመሳፈሪያ ወረቀት፣ የሥራ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ በውጭ አገር ግብር ተቆርጦ ከሆነ የተቆረጠበት ማስረጃ፣ ባንክ ምንዛሪ ሲመነዝር የሰጠዎት ወረቀት፣ እዚህም እዚያም ያለ የቤት ውል ወይም ካርታ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋሉ። አውቶማቲክ በር ባለባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች ፓስፖርት ላይ ማኅተም ላይመታ ስለሚችል በማኅተም ብቻ አይተማመኑ። ሳውዲ ያለ ሰው የጉዞ መዝገቡን አብሸር ከሚባለው የሳውዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ማውጣት ይችላል፤ በቪዛ አሜሪካ የሚመላለስ ደግሞ አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ያየዋል።

ደረጃ 1፦ የትኛው «ዓመት» እንደሆነ ይለዩ

የኢትዮጵያ የግለሰብ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ማለት ነው። የአሜሪካ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። የእንግሊዝ ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5፣ የደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከማርች 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «በ2017 እዚያ ነበርኩ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። በአንዱ አገር ዓመት ነዋሪ ሆነው በሌላው አገር ዓመት ላይሆኑ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ አገር የራሱን ዓመት የያዘ የተለየ ገጽ ይክፈቱ። የሳውዲ ወረቀት አንዳንዴ የሂጅራ ቀን ብቻ ስለሚይዝ ወደ ፈረንጅ ቀን ገልብጠው ከጎኑ ይጻፉበት።

ደረጃ 2፦ ቀን መቁጠር

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 5 መሠረት አንድ ግለሰብ በሦስት መንገድ የኢትዮጵያ ነዋሪ ይሆናል። በኢትዮጵያ ቋሚ መኖሪያ ካለው፣ ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የመደበችው የቆንስላ፣ የዲፕሎማቲክ ወይም መሰል ሠራተኛ የሆነ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ እየተመላለሰ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ ከቆየ ነው። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ስለሆነ እሱን አይቶ ያቆማል፤ ዋናው ስህተት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ቀኑ ግን ለመቁጠር ስለሚቀል ከእሱ እንጀምር።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቁጠሩ። ወር ሁሉ 30 ስለሆነ ከፈረንጁ ይልቅ አይሳሳትም። ለምሳሌ አንድ ሰው ኦክቶበር 3 ቀን 2024 ቦሌ ገብቶ ሜይ 10 ቀን 2025 ቢወጣ፣ የገባው መስከረም 23፣ የወጣው ግንቦት 2 ቀን 2017 ነው። ከመስከረም 8 ቀን፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ 7 ወር ማለትም 210 ቀን፣ ከግንቦት 2 ቀን። ድምሩ 220 ነው። ከ183 በላይ ስለሆነ ነዋሪ ነው። በፈረንጁ ሲቆጥሩት 29፣ 30፣ 31፣ 31፣ 28፣ 31፣ 30 እና 10 ሆኖ ያው 220 ይመጣል። ሁለቱንም ቆጥሮ ማመሳከር ጥሩ ልማድ ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ጳጉሜ ትረሳለች። ሌላ ምሳሌ ይውሰዱ፦ ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ገብቶ መስከረም 30 ቀን 2017 የወጣ ሰው። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ 90 ቀን፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ሌላ 90 ቀን። 180 ሆነና «አልሞላም» ይላል። የ2016 ጳጉሜ 5 ቀን ሲጨመር ግን 185 ነው። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ የ2015 እንዲያ ነበረች።

ይኸው ምሳሌ ሁለተኛም ነገር ያሳያል። ከሰኔ 30 በፊት 90 ቀን፣ ከሐምሌ 1 በኋላ 95 ቀን ነው የቆየው፤ በየግብር ዓመቱ ተለይቶ ሲታይ ሁለቱም ከ183 በታች ናቸው። ሕጉ የሚለው ግን «በአንድ ዓመት ጊዜ» ነው። ስለዚህ ሐምሌ 1 ሲደርስ ቆጠራው እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል ብለው አይመኩ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም 12 ወር እየወሰዱ ይፈትሹት።

ሦስተኛው ሰዓታችን ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚነሳ አውሮፕላን በእኛ ልማድ ገና «የማታው» ነው፤ ማኅተሙ ላይ ግን ቀኑ ተቀይሯል። ከትዝታ ሳይሆን ከማኅተሙ ይቁጠሩ። ለኢትዮጵያ ሲቆጥሩ የገቡበትንም የወጡበትንም ቀን እንደ ሙሉ ቀን ይያዙ፤ ይህ ጥንቁቁ መንገድ ነው። በዚህ ቆጠራ 182 ወይም 184 ላይ ከወደቁ ብቻዎን አይወስኑ፤ ወረቀቱን ይዘው ገቢዎች ዘንድ ይጠይቁ።

ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ የመጡባቸው ሳምንታትም ይቆጠራሉ። ሕጉ «እየተመላለሰ» ያለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቋሚ መኖሪያ፣ ከባዱ ጥያቄ

ቀኑ አልሞላም ማለት ነጻ ወጣሁ ማለት አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ኢትዮጵያን ያልረገጠ ሰው በቋሚ መኖሪያ ምክንያት ነዋሪ ሊሆን ይችላል።

ቋሚ መኖሪያ ምንድን ነው? የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 183፣ አንድ ሰው ለዘለቄታው ለመኖር አስቦ የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማዕከል ያደረገው ቦታ ነው ይለዋል። (የአንቀጹ ቁጥርና የቀኑ ቁጥር አንድ መሆን እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ሲነጋገሩ ግን የሚያደናግር አጋጣሚ ነው።) ከዚሁ ሕግ ሦስት ነገሮችን ይያዙ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ቋሚ መኖሪያ አይኖረውም። አዲስ ቋሚ መኖሪያ እስኪመሠርት ድረስ የቀድሞው እንደጸና ይቆያል። ሥራው አንድ ቦታ፣ ቤተሰቡና ማኅበራዊ ኑሮው ሌላ ቦታ ሆኖ ነገሩ ሲያጠራጥር ደግሞ ሚዛኑ ወደ ቤተሰቡ ያደላል።

ሁለተኛው ነጥብ ለእኛ አካባቢ ሰው በጣም ወሳኝ ነው። «ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል» የሚለው መልስ አይሆንም። ጥያቄው የት ሄደው ተተከሉ የሚለው ነው።

ይህን ለመወሰን አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ፤ በቀኝ «እዚህ»፣ በግራ «እዚያ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ የሚከተሉትን በየቦታቸው ያስፍሩ፦ ባለቤትና ልጆች የሚኖሩበት፣ ልጆች የሚማሩበት፣ ሲመለሱ የሚያርፉበት በእጅ ያለ ቤት (ለሰው የተከራየ ቤት ለእርስዎ ማረፊያ አይደለም፤ ለየብቻ ይጻፉት)፣ የሥራው ውል ስንት ዓመት እንደሆነና ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄዱ፣ የንግድ ፈቃድ፣ መሬትና ከብት፣ ገንዘብ የሚያስቀምጡበት ባንክ፣ እድርና ማኅበር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜያዊ ወይስ ቋሚ መሆኑ። እድር እንደ ቀላል ነገር አይታይ፤ ወር በወር የሚከፍሉበት እድር የት እንዳለ ማኅበራዊ ኑሮዎ የት እንዳለ ይናገራል።

በሁለት ምሳሌ እናየው። የሪያዱ ሾፌር ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ኢቃማው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው፤ ባለቤቱና ልጆቹ ሸዋ ሮቢት ናቸው፤ እዚያው ቀወት ውስጥ እርሻ አለው፤ ደመወዙን በየወሩ ይልካል፤ ውሉ ሲያልቅ ይመለሳል። የግራው ዓምድ ላይ ከሥራው በቀር የሚጻፍ የለም። በሕጉ ቃል ቋሚ መኖሪያው ከሸዋ ሮቢት አልተነሳም። በአንጻሩ የለንደኑ ሰው ባለቤቱና ልጆቹ እዚያው ናቸው፤ ቤት አለው፤ ከቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አልፎ ዜግነት ወስዷል፤ መሐል ሜዳ ያለው ቤት ተከራይቷል። እሱ ኑሮውን ነቅሎ ተክሏል፤ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። ቤት መኖሩ ብቻ ነዋሪ አያደርገውም፤ የቤቱ ኪራይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሚቀጥለው ደረጃ ይመጣል።

መሐል ላይ የሚወድቁ አሉ። ቤተሰቡን ወስዶ ንግዱን ደብረ ብርሃን የተወ፣ ወይም ቋሚ ፈቃድ አግኝቶ ባለቤቱ ገና ያልተሻገረችለት። እንዲህ ያለው ሰው የሁለቱን ዓምዶች ወረቀት ከነማስረጃው ይዞ በጽሑፍ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ማግኘት አለበት። የቃል መልስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አይገኝም።

ደረጃ 4፦ ገቢው የተገኘው የት ነው?

ነዋሪነት የሚወስነው የግብሩን ስፋት ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥም ሆነ ከዓለም ሁሉ ባገኘው ገቢ ይታያል። ነዋሪ ያልሆነ ግን ከኢትዮጵያ ምንጭ ባገኘው ብቻ ነው።

ለተቀጣሪ፣ ምንጩ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ደመወዙ የትም ይከፈል የት። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለአሜሪካ ወይም ለጀርመን ድርጅት የሚሠራ ሰው፣ ገንዘቡ በፔይኦኒር (በኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ) መጣ፣ ውጭ ባለ ሒሳብ ተቀመጠ፣ ሥራውን የሠራው ደብረ ብርሃን ነውና ገቢው የኢትዮጵያ ምንጭ ነው። «ገንዘቡን አገር ቤት አላስገባሁትም» የሚለው አይጠቅመውም። ሌላው የምንጭ ደንብ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ደመወዝ ሥራው የትም ቢሠራ የኢትዮጵያ ምንጭ መሆኑ ነው። ውጭ ሄዶ ሳለ የመንግሥት ደመወዙ እዚህ የሚቀጥል የዩኒቨርሲቲ መምህር ለዚያ ደመወዝ እዚሁ ይቆረጥበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤት ኪራይ ባለቤቱ የትም ይኑር የኢትዮጵያ ምንጭ ነው። የለንደኑ ሰው ነዋሪ ባይሆንም ለመሐል ሜዳው ኪራይ ይከፍላል። ኪራዩን እናቱ ቢቀበሉለትም ገቢው የእሱ ነው። በተቃራኒው ልጅ ለወላጆቹ ለቤት ወጪ የሚልከው ገንዘብ የወላጆቹ የሥራ ገቢ አይደለም። ሁለቱን ላለመቀላቀል ኪራዩ በተለየ ሒሳብ ቢገባ ይሻላል።

የወሩን ግብር ለመገመት፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የደመወዝ ግብር እንዲህ ነው፦ እስከ 2,000 ብር ነጻ፤ ከ2,001 እስከ 4,000 15 በመቶ፤ እስከ 7,000 20 በመቶ፤ እስከ 10,000 25 በመቶ፤ እስከ 14,000 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። አቋራጩ፣ ደመወዙ ከ14,000 በላይ ከሆነ በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። 60,000 ብር የሚያገኝ ሰው 21,000 ሲቀነስ 2,050፣ 18,950 ብር ይደርስበታል። ይህ ለተቀጣሪ ነው። አፕወርክ በሚባለው የኢንተርኔት ሥራ ማገናኛ ላይ በየሥራው እየተዋዋለ የሚሠራ ሰው ተቀጣሪ ስላልሆነ የሚታየው በንግድ ሥራ ገቢ ነው፤ ሰንጠረዡም አሠራሩም ይለያል። ከድርጅቱ ጋር የፈረሙት ውል የቅጥር ነው ወይስ የአገልግሎት? መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

ብሩን ሲያሰሉ ገንዘቡ የገባበትን ቀን የባንክ ምንዛሪ ይያዙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመቀየሩ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የዓመቱን ዶላር ደምሮ በአንድ ቀን ምንዛሪ ማባዛት ትልቅ ልዩነት የሚፈጥረው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ የዚያኛው አገር ሕግ ምን ይልዎታል?

ኢትዮጵያ «ነዋሪ ነህ» ማለቷ ሌላው አገር እንዳይል አያግደውም። እያንዳንዱ በራሱ ሕግ ይመለከታል።

ሳውዲ በደመወዝ ላይ የግለሰብ የገቢ ግብር የለባትም። የነዋሪነት መለኪያ ግን አላት፦ ቋሚ ማረፊያ ኖሮት በግብር ዓመቱ በድምሩ ቢያንስ 30 ቀን የቆየ፣ ወይም 183 ቀን የቆየ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ደመወዝ ላይ ግብር አትጥልም፤ እዚያ በ12 ወር ውስጥ 183 ቀን፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ኖሮት እዚያ ሥራ ወይም ቋሚ ቤት ላለው ሰው 90 ቀን ይበቃል። ግብር የለም ማለት ግን ለእኛ ሁለት ስለት አለው፤ እዚያ የተከፈለ ግብር ስለሌለ እዚህ የሚካካስም የለም።

አሜሪካ ሁለት መንገድ አላት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነዋሪ ነው። ዲቪ ደርሶት ሄዶ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ተመልሶ ንግድ የከፈተም ካርዱን በሥርዓቱ እስካልመለሰ ድረስ ነዋሪ ነው፤ ከዓለም ሁሉ ያገኘውን ለአሜሪካ ያሳውቃል። ዜጋም እንዲሁ። ሁለተኛው የቀን ቀመር ነው፦ በያዝነው ዓመት ቢያንስ 31 ቀን ሆኖ፣ የዘንድሮው ቀን በሙሉ፣ የአምናው ሲሶ፣ የካቻምናው አንድ ስድስተኛ ተደምሮ 183 ከደረሰ ነዋሪ ያደርጋል። የደብረ ሲናዋ እናት በየዓመቱ 120 ቀን ብትቆይ 120 ሲደመር 40 ሲደመር 20፣ 180 ይሆናል፤ አልደረሰም። 122 ቀን ብትቆይ ግን ልክ 183 ይሞላል። ሁለት ቀን ነው ልዩነቱ። ቢሞላባትም በያዝነው ዓመት ከ183 ቀን በታች ከቆየችና ኑሮዋ እዚህ መሆኑን ካሳየች ፎርም 8840 ሞልታ ነዋሪ አይደለሁም ማለት ትችላለች። ፎርሙ የሚሠራው በጊዜው ሲገባ ነው።

ደብረ ብርሃን ሆኖ ለአሜሪካ ድርጅት የሚሠራ ሰው ለግብር የአሜሪካ ሰው አለመሆኑን የሚያረጋግጥበት ደብሊው-8 ቤን የሚባል ቅጽ ይላክለታል። የቋሚ አድራሻ መስመሩ ላይ የፖስታ ሣጥን አይጻፍም፤ ከተማው፣ ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ ነው የሚጻፈው። በውጭ አገር የግብር ቁጥር መስመር የኢትዮጵያ መለያ ቁጥርዎን ያስገቡ። የግብር ስምምነት የሚጠይቀውን ክፍል ባዶ ይተዉት፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዓመት እስኪያልቅ ይሠራል፤ በ2025 የተፈረመ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2028። ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ የአገልግሎት ሥራ የአሜሪካ ምንጭ ስላልሆነ ግብር አይቆረጥበትም። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሄደው እዚያ ሆነው የሠሩት ግን የአሜሪካ ምንጭ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህን ቅጽ መሙላት የለበትም፤ የእሱ ደብሊው-9 ነው።

እንግሊዝ የምትቆጥረው እኩለ ሌሊት ላይ አገሯ ውስጥ ያደሩትን ነው። 183 ከደረሰ ነዋሪ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት በአንዱም ነዋሪ ያልነበረ ሰው ከ46 ቀን በታች ከቆየ በቀጥታ ነዋሪ አይደለም፤ ቀድሞ ነዋሪ ለነበረ ግን ወሰኑ ከ16 ቀን በታች ነው። በመካከል ያለው ቤተሰብ፣ ቤትና ሥራ እየተቆጠረ ይታያል። ደቡብ አፍሪካ ኑሮው እዚያ ላልተተከለ ሰው በያዝነው ዓመትና ባለፉት አምስት ዓመታት በየዓመቱ ከ91 ቀን በላይ፣ በአምስቱ ዓመታት በድምሩ ደግሞ ከ915 ቀን በላይ መቆየትን ትጠይቃለች።

ደረጃ 6፦ ሁለቱም «የእኛ ነህ» ካሉ

መጀመሪያ በሁለቱ አገሮች መካከል ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት መኖሩን ይመልከቱ። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከህንድ፣ ከቻይና፣ ከቱርክ፣ ከእስራኤል፣ ከሳውዲና ከሌሎችም ጋር ተዋውላለች። በእንዲህ ያሉ ስምምነቶች የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቋሚ ቤት በየትኛው አገር አለ? በሁለቱም ካለ የኑሮና የጥቅም ማዕከሉ የት ነው? ካልለየ አዘውትሮ የሚኖረው የት ነው? ቀጥሎ ዜግነት፤ በመጨረሻ የሁለቱ መንግሥታት ባለሥልጣናት ስምምነት። አንዱ ላይ መልስ ከተገኘ ወደ ሚቀጥለው አይታለፍም። በደረጃ 3 የተሠራው ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት እዚህም ያገለግላል።

እዚህ ላይ ያው 183 እንደገና ይመጣና ያደናግራል። በስምምነቱ የቅጥር አንቀጽ ያለው 183 ቀን ነዋሪነትን አይወስንም። እሱ የሚለው፣ ወደ ሌላው አገር ለአጭር ጊዜ የሄደ ተቀጣሪ እዚያ ግብር የማይጣልበት በ12 ወር ከ183 ቀን ካልበለጠ፣ አሠሪው የዚያ አገር ነዋሪ ካልሆነና ወጪውን እዚያ ያለ የአሠሪው ቋሚ ድርጅት (ለምሳሌ ቅርንጫፍ ቢሮ) ካልሸፈነ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ቀኑን ብቻ አይቶ «ከስድስት ወር በታች ስለሆነ ግብር የለብኝም» የሚል ሰው ሁለቱን ረስቷል።

ስምምነት ከሌለ ማካካሻ አለ። ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ አገር በዚያው የንግድ ሥራ ገቢ ላይ የከፈለውን የገቢ ግብር ከኢትዮጵያው ላይ ይቀንሳል፤ ግን ከሁለቱ አነስተኛውን ነው። በዚያ ገቢ ላይ የኢትዮጵያው ግብር 40,000 ብር፣ በውጭ የተቆረጠው 25,000 ብር ከሆነ ቀሪውን 15,000 ይከፍላል። በውጭ የተቆረጠው 52,000 ቢሆን የሚካካሰው 40,000 ብቻ ነው፤ 12,000ው አይመለስም። ማስረጃው ከውጭ አገሩ የግብር ባለሥልጣን የተሰጠ ወይም ግብሩ በትክክል መከፈሉን የሚያሳይ መሆን አለበት። ከአሠሪው የመጣ የኢሜይል መልእክት ብቻ አይበቃም። የጡረታና የጤና መድን መዋጮም የገቢ ግብር ስላልሆነ አይቆጠርም፤ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሁሉም «ተቀናሽ» በሚል አንድ ቦታ ስለሚደመር ለይተው ያውጡት።

ደረጃ 7፦ የት ይኬዳል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግል ድርጅት ተቀጣሪና የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ ነው። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ሰው መነሻው የከተማው ገቢዎች ነው፤ በወረዳ ከተማ ያለ ደግሞ የወረዳው። መለያ ቁጥር ከሌለዎት በዚያው ያውጡ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ የዓመቱን የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ከውጭ ድርጅት ደመወዝ የሚያገኝና እዚህ የሚቆርጥለት አሠሪ የሌለው ሰው ራሱ ነው የሚያሳውቀው፤ የአከፋፈሉን ጊዜ ከመዝጋቢው ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ ይያዝ።

ውጭ ያለው ከፋይ «የግብር ነዋሪነት ማረጋገጫ» ከጠየቀዎት የቀበሌ የነዋሪነት ደብዳቤ አይላኩ፤ ይመለሳል። ለስምምነት አገልግሎት የሚውለው ማረጋገጫ በፌዴራል ደረጃ ከገቢዎች ሚኒስቴር የሚጠየቅ ነው። ይዘው የሚሄዱት ማመልከቻ፣ መለያ ቁጥር፣ ፓስፖርት፣ የቀን ቆጠራ ገጽ፣ የገቢው ውል፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ ነው። ማመልከቻው ላይ ማረጋገጫው ለየትኛው አገር እንደሆነና የሚሸፍነውን ጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ «የ2017 በጀት ዓመት» ብቻ ተብሎ የወጣ ወረቀት ለንደን ሲደርስ የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስላል።